የ360 አካፋዮች ብዛት፦ ለምን አንድ ይጨመራል?

ሰላም ለሁላችሁ። የአካፋይ (አንድን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል) እና የብቸኛ ቁጥር (ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነገር አንድ ቦታ ላይ ያዘኝ፤ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

397 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ለማረጋገጥ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7፣ በ11፣ በ13፣ በ17 እና በ19 አካፈልኩት፤ ሁሌም ቀሪ ይተርፋል። 20 በ20 ሲባዛ 400 ስለሆነ እዚያ ማቆም እንደሚቻል ገብቶኛል፤ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 397 ከሰጡ አንዱ የግድ ከ20 ያንሳል። በ4 ወይም በ6 መሞከርም አያስፈልግም፣ በ2 ያልተካፈለ በእነሱም አይካፈልምና። ይሄ መንገድ ደስ ይላል፣ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

የተቸገርኩት የ360ን አካፋዮች በሙሉ ዘርዝር ስባል ነው። በብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ከሄድኩ 2፣ 3 እና 5ን፣ ከነጥንዶቻቸው ከ180፣ ከ120 እና ከ72 ጋር አገኛለሁ። 1 እና 360 ሲጨመሩ 8 ይሆናሉ። ከ1 ጀምሬ አንድም ሳልዘል እስከ 18 ስሞክር ግን ከነጥንዶቻቸው 24 ናቸው።

የመልመጃው መልስ ላይ ደግሞ 360 ማለት 2×2×2×3×3×5 ስለሆነ ብዛታቸው 4×3×2 ነው ይላል። 2 ያለው ሦስት ጊዜ ነው፤ 4 ከየት መጣ? 3ም ሁለቴ ብቻ ነው ያለው። ለምን በየአንዳንዱ ላይ አንድ ይጨመራል? ከዚያስ ለምን ይባዛል እንጂ አይደመርም?

ቀመሩን መሸምደድ አልፈልግም፣ ምክንያቱን ነው የምፈልገው። ከቻላችሁ እንደ 12 ባለ ትንሽ ቁጥር ደረጃ በደረጃ አሳዩኝ፤ ከልብ አመሰግናለሁ።