ከሌላ ቦታ የሚመጣ አፈርና ችግኝ ተባይ እንዳያስገባብን ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ከተማ በሚገኘው ግቢያችን አቮካዶ፣ ማንጎና ጥቂት እንሰት ለመትከል አስበናል። ችግኙን ከገጠር ዘመዶቻችን፣ ፍግና ጥቁር አፈሩን ደግሞ በአይሱዙ ከሚያመላልሱ ሰዎች ለማምጣት ተነጋግረናል፤ ሆኖም ጎረቤታችን ከእነዚህ ጋር በሽታና አረም አብሮ እንደሚገባ ስለነገሩኝ፣ ከመጫኑ በፊት ምን ማጣራት እንደሚገባኝ ብትነግሩኝ።

መልስ 1፦
ጎረቤትዎ እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው ቅጠሉን አገላብጦ ይገዛል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከሥሩ ጋር የሚመጣው አፈር ነው። ሥርን የሚያሳብጡት ኔማቶዶች (ረቂቅ የአፈር ትሎች) በዓይን ስለማይታዩ፣ ሁለት ሦስት ችግኝ ከፕላስቲኩ አውጥተው ሥሩ እባጭ ካለው ከዚያ ችግኝ ጣቢያ ምንም ባይወስዱ ይመረጣል። ጥቁር አፈሩንስ ከሩቅ ማስጫን ለምን አስፈለገ? የግቢዎን አፈር በብስባሽ ማዳበር ይበቃዎታል። ጥሬ ፍግ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል፤ ተከምሮ ውስጡ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግልና ዳር ዳሩ ወደ መሃል እየገባ ሲገላበጥ ግን አብዛኛው ይሞታል። አንድ ትልቅ የቅንጬ አረም ከ10,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ስለሚችል ይህ ድካም ከንቱ አይደለም።

መልስ 2፦
ማንጎውን በተመለከተ ከቅጠሉ ላይ ነጫጭ ቅርፊት መሰል ነገር ካዩ አይጫኑት። ይህ ነጭ የማንጎ ቅርፊት ነፍሳት የሚባል ተባይ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ የተመዘገበ ሲሆን፣ ያደገችው ሴቷ ከተጣበቀችበት ስለማትንቀሳቀስ ሩቅ አገር የሚያደርሳት በአብዛኛው ችግኝ ነው።

መልስ 3፦
እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው እንሰቱን ነው። አጠውልግ በሽታው ባክቴሪያ በመሆኑ፣ የታመመ ተክል የቆረጠ ቢላዋ ወይም ገጀራ ጤነኛውን ሲነካ ይተላለፋል፤ የተበከለ ችግኝም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ሙዝንም ስለሚያጠቃ (እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ተገኝቷል) ግቢዎ ሙዝ ካለው ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። አፈሩን ትተነዋል። የዘመዶቻችንን ማሳ ራሴ ሄጄ ባየው ለእንሰቱ ይበቃል?

መልስ 3፦
ማየቱ መልካም ነው፤ የጠወለገ አንድ ተክል እንኳ ካለ ከዚያ ማሳ አይውሰዱ። ጤነኛ ከሆነም የሚቆረጥበትን መሣሪያ ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ በእሳት ያግሉት ወይም በበረኪና ያጽዱት፤ የተዋሱትንም ጭምር።