የአጎቴን ማሊያ ምን ላድርገው?

ሰላም ለእናንተ። የድሬዳዋ ከዚራ ነዋሪ ነኝ። የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው ሟቹ አጎቴ በብረት ሳጥኑ ውስጥ አሮጌ ማሊያ ትቶልናል። ጀርባው ላይ 8 ቁጥር በእጅ ተሰፍቷል፤ አንገትጌው ሥር ዝገት አርፎበታል። እናቴ በረኪና ይዛ ስትመጣ ነው ያስጣልኳት፤ በረኪና ዝገትን ያባብሳል እንጂ አያስለቅቅም።

ከጠርዙ አንድ ክር መዝዤ ባቃጥለው እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ሆነ፤ ጥጥ ሳይሆን አይቀርም። ዘመኑን ግን በዚህ ማወቅ አልቻልኩም። ቤተሰቡ «የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ባነሳበት ጊዜ የነበረ የፋብሪካው ቡድን ማሊያ ነው» ይላል። ቤተሰብ ደግሞ የማይለው የለም! አንድ ነጋዴ ሽጥልኝ እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቶኛል።

የዚያን ዘመን የቡድኑ ፎቶግራፍ ያላችሁ፣ አንገትጌውና የቁጥሩ ስፌት ምን ይመስል ነበር? ዝገቱንስ ልንካው ወይስ እንዳለ ልተወው?