«ተጫዋቹ ራሱ አልከፋውም» ማለት መልስ ነው?

የበሬሳ ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ስሰማ ደሜ ፈላ። እሁድ እዚህ ደብረ ብርሃን ከጎጃም ከመጣው ቡድን ጋር በነበረው የወዳጅነት ጨዋታ ምን እንደተዘፈነ ሜዳ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ላልነበራችሁ ይኸው፦

ድር አድርቶ ዘጋው ሸማኔው ልጃችን፣
ቡዳ ቢመጣበት አይበላም ጎላችን።

በረኛችን የጋሞ ልጅ ነው። «ሸማኔው» የተባለው ለዚህ ነው። «ቡዳ» የተባሉት ደግሞ እንግዶቹ ናቸው። ጋዜጠኛዋ ስትጠይቀው የደጋፊዎቹ ተወካይ ምን ብሎ መለሰ? «ተጫዋቹ ራሱ አልከፋውም። በፍቅር ነው የዘፈንንለት።» በቃ፣ ይኸው ነው። ይሄን ቡድን ከልጅነቴ ጀምሮ እደግፋለሁ። በስሜ እንዲህ እንዲባል አልፈልግም። ተጫዋቹን ማን ጠየቀው? መቼ ጠየቀው?

ቀይ ስካርፍ፦
መጠየቅ ምን ያደርጋል? በዓይኔ አይቻለሁ። ሲዘፈንለት ወደ እኛ ዞሮ እጁን አውለበለበ፣ ሳቀ። ሽመና ሙያ ነው፣ ስድብ አይደለም። ለጥምቀት የምትለብሰውን ጥበብ ማን ሸመነልህ? በዚህ ብርድ ቆመን ጉሮሯችን እስኪዘጋ የምንደግፈው እኛ ነን። ልጁን እኛ ነን የምንወደው።

ጫጫ፦
«ሳቀ» ነው ማስረጃህ? ወንድሜ፣ አንድ ልጅ ከአገሩ ርቆ መጥቷል። እንጀራው በእኛ ክለብ እጅ ነው። ሜዳ ሙሉ ሰው ስለ ዘሩ ሲዘፍንበት ምን ያድርግ? ጓንቱን ጥሎ ይውጣ?

ቀይ ስካርፍ፦
ስለ ዘሩ አልዘፈንም። «ዘጋው» ነው ያልነው። ስለ ብቃቱ ነው።

የበሬሳ ልጅ፦
ከእሱ በፊት የነበረውም በረኛ ጎል ይዘጋ ነበር። የመንዝ ልጅ ነበር። ድርና ማግ ዘፍናችሁለታል?

ማንቼ ከጠባሴ፦
እኔ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ፣ ስለዚህ ይሄን ታሪክ በደንብ አውቀዋለሁ። ኮሪያዊው ፓርክ ጂ ሱንግ እ.አ.አ. በ2005 ከሆላንዱ ክለብ ከፒኤስቪ ወደ እኛ መጣ፣ እስከ 2012 ተጫወተ። ደጋፊው በጣም ይወደው ነበር። ዘፈን ወጣለት። ዘፈኑ ግን ኮሪያውያንን ውሻ በሊታ የሚል ነበር። የዘፈኑ መጨረሻ ደግሞ የሊቨርፑልን ሰው አይጥ በሊታ ይላል። እና ልክ እንደ እሁዱ ነው፤ አንዱ ስንኝ ለወዳጅ፣ አንዱ ለባላንጣ፣ ሁለቱም ስድብ። ፓርክ ያኔ ዝም አለ። በ2021 ግን ወጥቶ ተናገረ። ዘፈን ስለወጣለት ኮርቶ እንደነበር፣ የውሻው ነገር ግን እንደከበደው፣ ወጣት ስለነበር ችሎ መኖር ያለበት ነገር እንደመሰለው ነገረን። ያናገረው ምን መሰላችሁ? ሌላ ኮሪያዊ፣ ህዋንግ ሂ ቻን፣ ወደ ሌላው የእንግሊዝ ክለብ ወደ ዎልቭስ ሲመጣ የእኛ ደጋፊዎች ያንኑ ዘፈን ዘፈኑበት። ፓርክ ለልጁ አዘነ። እባካችሁ ተዉት አለ። ክለቡም አብሮት ተዉት አለ።

ቀይ ስካርፍ፦
ራስህ አልከው! «ኮርቶ ነበር» ብለሃል። ኮርቶ ነበር! ከክለቡ ከወጣ 9 ዓመት ቆይቶ ነው የከፋው። ያኔ አልከፋውም።

ጫጫ፦
«ያኔ አልከፋውም» አላለም። «ዝም አልኩ» ነው ያለው። አንተ ግን ሁለቱን አንድ አደረግካቸው። ሬዲዮ ላይ የተናገረው ሰውዬም ያደረገው ይሄንኑ ነው።

ቀይ ስካርፍ፦
ዝም ያለ ሰው ምን እንዳሰበ አንተ በምን ታውቃለህ?

ጫጫ፦
አንተስ በምን አወቅህ? «አልከፋውም» ብለህ በሬዲዮ ያስነገርከው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ቀይ ስካርፍ፦
ሬዲዮ ላይ የተናገረው እኔ አይደለሁም። ስም አታጥፋ።

ማንቼ ከጠባሴ፦
ሌላም ልጨምር። እ.አ.አ. በ2017 ለአጥቂያችን ለሉካኩ የወጣው ዘፈን ስድብ እንኳን አልነበረበትም፤ ሲሰሙት ሙገሳ ነው። ግን ስለ ጥቁር ወንድ ሰውነት የሚወራውን የድሮ ተረት ነበር የሚደግመው። ኪክ ኢት አውት የሚባለው ፀረ መድልዎ ተቋም ተቃወመ። ሉካኩ ራሱ «በበጎ አስባችሁ ነው፣ አሁን ግን እንተወው» የሚል መልእክት ጻፈ። ከዚያ በኋላም የፈለግነውን እንዘፍናለን ብለው የቀጠሉ ነበሩ። ተጫዋቹ ተዉት እያለ! «በፍቅር ነው» የሚለው ነገር እዚያ ላይ ነው የተጋለጠው። የምትወደው ሰው ተው ካለህ ትተዋለህ።

ቀይ ስካርፍ፦
የእኛው ልጅ ተዉ አላለም። ሲል እንተዋለን።

የአባይ ማዶ ሰው፦
ይቅርታ ልግባ። የማነበው እያሳዘነኝ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን የምኖር የጎጃም ልጅ ነኝ፣ እሁድ ሜዳ ነበርኩ። ይሄን ሁሉ የተከራከራችሁት ስለ በረኛው ነው። ስለ ሁለተኛው ስንኝ እስካሁን አንድ ሰው እንኳን አልተሟገተም። ቡዳ የተባልነው እኛ ነን። በረኛው ሳቀ ነው የምትሉት፣ እኔ አልሳቅሁም። አጠገቤ የቆመው ጓደኛዬ እያየኝ ዘፈነ። ማታ አብረን እራት በላን። እሱ ምንም አልመሰለውም።

ምንጃር፦
ወንድምዓለም፣ ጨዋታ ነው። እናንተም እኛን ስንት ነገር ትላላችሁ። ሸዋና ጎጃም ሲተራረብ የኖረ ነው። አማራ ለአማራ ምኑ ነው ዘረኝነት የሚሆነው?

የአባይ ማዶ ሰው፦
ተረብ ፊት ለፊት ነው፣ ለሁለት ነው። እኔ እሁድ ለማን ልመልስ? ለጠቅላላው ሜዳ?

ማንቼ ከጠባሴ፦
ምንጃር፣ በአንድ አገር ሰው መካከል አይሆንም ካልክ ጣሊያንን እይ። የናፖሊን ደጋፊ የሰሜኖቹ «ቬሱቪየስ ይጠባችሁ» እያሉ ይዘፍኑበታል። እሳተ ገሞራው በእሳት ይጠባችሁ ማለታቸው ነው፣ ቆሻሻ ናችሁ ለማለት። ሁሉም ጣሊያናዊ ናቸው፣ ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም አንድ ነው። ግን የጣሊያን እግር ኳስ በትውልድ አካባቢ መሳደብን መድልዎ ብሎ በደንቡ አስፍሮ ቀጥቶበታል።

ምንጃር፦
ጣሊያን ጣሊያን ነው። እዚህ ሁሉም ነገር ሲከር ነው የተበላሸው።

የሰላድንጋይ መምህርት፦
እኔ ኳስ አላይም፣ ወንድሜ ልኮልኝ ነው ያነበብኩት። «ቡዳ» የሚለውን ግን እንደ ቀልድ አትለፉት። ይሄ ቃል በእኛው በሰሜን ሸዋ በማን ላይ ሲለጠፍ እንደኖረ ታውቃላችሁ። በብረት ቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው። ማረሻውን ከሱ ይገዛሉ፣ ምጣዱን ከሷ ይገዛሉ፤ አብረው አይበሉም፣ ልጅ አይድሩላቸውም። ሸማኔውም ቢሆን በዚያው ዓይን ሲታይ ነው የኖረው። ክፍል ውስጥ ከእነዚህ ቤተሰቦች የመጣ ልጅ አጠገብ አልቀመጥም የሚል ተማሪ ገጥሞኛል። የስምንት ዓመት ልጅ ከየት ይማረዋል? ቤት ይሰማል፣ ሜዳ ይሰማል። እሁድ ስንት ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያንን ዘፈን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ?

ቀይ ስካርፍ፦
እህቴ አከብርሻለሁ። ግን ልጅ ቡዳን ከእኛ አልተማረም፣ ከአያቱ ነው። ለአገሩ ኋላ ቀርነት ደጋፊው ነው እንዴ ተጠያቂ?

የሰላድንጋይ መምህርት፦
ከአያቱ የሰማውን እናንተ በከበሮ አጸናችሁለት።

የሕግ ተማሪ፦
አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ እኮ፣ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው። በብሔር ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን ወይም መድልዎን የሚያስፋፋ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ያስከትላል።

ቀይ ስካርፍ፦
ይኸው ደረስንበት። ልታሳስሩን ነው! ለአንድ ዘፈን 2 ዓመት!

የበሬሳ ልጅ፦
የሕግ ተማሪ፣ እኔ ሰው እንዲታሰር አልፈልግም። ክለቡ ማይክራፎን ይዞ «ይሄን አትዝፈኑ» ይበል ነው የምለው። ፖሊስ ከገባበት ነገሩ ሌላ ይሆናል። ያንን አዋጅ ማን በማን ላይ እንደሚጠቀምበት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው።

የሕግ ተማሪ፦
ሕጉን ጠቀስኩ እንጂ ይታሰሩ አላልኩም። ሕግ ሲጠቀስ የምትደነግጡት ለምንድን ነው?

ጫጫ፦
ስላየን ነው።

የሕግ ተማሪ፦
ምን አያችሁ? ተናገር እንጂ።

ማንቼ ከጠባሴ፦
ባካችሁ ወደ ኳሱ ተመለሱ። የኳሱ ሕግ ራሱ በቂ ነው። ፊፋ ለመድልዎ ሦስት እርምጃ አለው። ዳኛው መጀመሪያ ጨዋታውን ያስቆምና ማስጠንቀቂያ ያስነግራል። ካልተተወ ቡድኖቹን ወደ መልበሻ ክፍል ያስገባል። አሁንም ካልተተወ ጨዋታው ይሰረዛል። እ.አ.አ. በ2019 ሶፊያ ላይ ቡልጋሪያና እንግሊዝ ሲጫወቱ ዳኛው ሁለት ጊዜ አስቁሞታል። እ.አ.አ. በ2024 ደግሞ ተጫዋቹ እጆቹን አንጓው ላይ አጣምሮ ለዳኛው የሚያሳይበት ምልክት ጸድቋል። ይሄን የእኛ ልጆች ያውቁታል? የነገራቸው አለ?

ምንጃር፦
የእኛ ዳኛ ለፍፁም ቅጣት ምት ፊሽካ ሲነፋ እንኳን በስንት ሰው ነው የሚከበበው። ለዘፈን ጨዋታ ያስቆማል? ማን ሊጠብቀው?

የበሬሳ ልጅ፦
ለዚህ እኮ ነው ከእኛ ከደጋፊዎቹ መጀመር ያለበት። ዳኛው ላይ አንጣለው። ደግሞ «ዘፈን ነው» የምትሉ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2010 ወልዲያና መቐለ ሊጫወቱ ሲሉ ወልዲያ ላይ ሰው እንደሞተ ረሳችሁት? በቀጣዩ ዓመት የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ የሚገናኙበት ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ ሆነ። ቤቱ ላይ የመጫወት ነገር ለሁለቱም ቀረ። ያ ሁሉ በአንድ ቀን አልመጣም። ስድቡ ሜዳ ላይ ቀድሞ ነበር።

ቀይ ስካርፍ፦
በቃ አሁን ገዳይ ሆንኩ። ፖለቲካውን እኔ ላይ ጣልክ። ያኔ የተጋደለው ደጋፊ አልነበረም፣ ፖለቲከኛው ነው ሜዳ የገባው። እኔ ወልዲያ አልነበርኩም።

የበሬሳ ልጅ፦
ገዳይ አላልኩህም። ይሄ ዞን በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ሲቃጠል ያየ ዞን ነው። ሰው በማንነቱ ሲፈረጅ ወዴት እንደሚሄድ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ከዚያ የተፈናቀሉ ሰዎች ደብረ ብርሃን መጥተው አብረውን ቆመው ኳስ ያያሉ።

ምንጃር፦
አጣዬን እዚህ አታምጣ። የሰው ቁስል ነው።

የበሬሳ ልጅ፦
ቁስል ስለሆነ ነው ያመጣሁት።

ምንጃር፦
አይደለም። ክርክር ለማሸነፍ ነው ያመጣኸው።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦
ጋሞ ነኝ። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፣ በሱ ሸማ ነው የተማርኩት። በሽመና አላፍርም፣ ማንም እንዲያፍርልኝም አልፈልግም። እዚህ ለሥራ መጥቼ ደብረ ብርሃንን እየደገፍኩ ነው። በረኛውን አውቀዋለሁ፣ ከፋው አልከፋውም ብዬ በሱ ፈንታ አልናገርም። ስለ ራሴ ግን ልናገር። ሥራ ቦታ ስሜን የማይጠሩኝ ሰዎች አሉ። «ሸማኔው» ነው የሚሉኝ። እኔ አካውንታንት ነኝ። አንድ ቀን እንኳን መወርወሪያ ይዤ አላውቅም። እሁድ ያንን ዘፈን ስሰማ ሰኞ ቢሮ ምን እንደምባል አውቄ ነበር። እንዳሰብኩትም ተባልኩ። ስለ ጋሞ መዝፈን ከፈለጋችሁ፣ በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ ከቡራዩ ግድያ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ላይ ሽማግሌዎቻችን እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው በቀል ሊወጣ የነበረውን ወጣት አስቆሙት። ቆመ ደግሞ። ስለዚህ የዘፈነልን ደጋፊ አላየሁም።

ቀይ ስካርፍ፦
ወንድሜ፣ ቢሮ «ሸማኔው» የሚሉህ ባለጌዎች ናቸው። እኛ ግን ያልነው ለሱ ነው፣ ላንተ አይደለም።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦
ለሱ ብቻ እንዴት ትለዋለህ? እሱን «ሸማኔው» ያሰኘው ጋሞነቱ አይደል? እኔም ጋሞ ነኝ።

ጫጫ፦
ቀይ ስካርፍ፣ ለዚህ መልስ ስጥ። ተጫዋቹ አልከፋውም አልክ። እሺ፣ አልከፋው። ይሄ ሰውስ? የጎጃሙ ልጅስ? የመምህርቷ ተማሪዎችስ? የአንድ ሰው ፈገግታ ለስንት ሰው ይበቃል?

ቀይ ስካርፍ፦
ሁሉም የሚከፋውን ቆጥረን ከዘፈንን ዝም ብለን ልንቆም ነው። ደጋፊ ዝም ካለ ቡድኑ ይሸነፋል። ይሄን ያልኩት ቡድኑን ስለምወድ ነው።

ማንቼ ከጠባሴ፦
በረኛው ስም አለው። በስሙ ዝፈንለት። አራት ቀለም ነው፣ ለከበሮ ይመቻል።

ቀይ ስካርፍ፦
ግጥም ልታስተምረኝ ነው? ያንን ዘፈን ሜዳው ነው የወደደው። እኔ አስገድጄ አላዘፈንኩም።

የበሬሳ ልጅ፦
ከበሮው ግን ያንተ ነው። አንተ ካልጀመርክ ማን ይጀምረዋል?

ቀይ ስካርፍ፦
የመጀመሪያውን ስንኝ አልተውም። ሁለተኛውን እናየዋለን።

የአባይ ማዶ ሰው፦
ምኑን ነው የምታዩት?

ቀይ ስካርፍ፦
የሚቀጥለው እሁድ ከጎጃም የሚመጣ ቡድን የለም። ምን ያስቸኩልሃል?

የአባይ ማዶ ሰው፦
እኔ ግን እዚሁ ነኝ።

ምንጃር፦
የሕግ ተማሪው የት ጠፋ? ጫጫ «ስላየን ነው» ያለው አልተመለሰለትም።

የሕግ ተማሪ፦
አለሁ። ጫጫ ይመልስ። ምን አያችሁ?