ሀዋሳ ውስጥ ፎር ዊል መኪና ያላችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ እንመካከር

ጥቁር ውሃ

ሰላም ናችሁ? አንድ ሐሳብ ከያዘኝ ቆይቷል። ብቻዬን ከማብሰለስለው እዚህ ላቅርበው።

ሀዋሳ ላይ ላንድክሩዘር፣ ፓትሮል፣ ሃይሉክስ የሚነዳ ሰው ሞልቷል። መኪናው ጭቃና ዳገት እንዲወጣ ተሠርቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ከፒያሳ አቶቴ ሲመላለስ ይከርማል። ከከተማ ትንሽ ወጣ ስትሉ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር የቀበሌው መንገድ ይዘጋል። አምቡላንሱ አስፋልቱ ጫፍ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው ትከሻና ቃሬዛ ነው።

ባለፈው ክረምት በቦርቻ በኩል ለለቅሶ ሄደን ምጥ የያዛትን ሴት ተሸክመው ቁልቁለት ሲወርዱ አየሁ። ላስቲክ አልብሰዋታል። ተሸካሚዎቹ በሙሉ ጫማቸውን አውልቀው በእግር ጣታቸው ጭቃውን እየቧጠጡ ነው የሚሄዱት። ከኋላ ያለው ሰውዬ ቃሬዛው እንዳያጋድል በጎኑ ነበር የሚወርደው። እኛ የመጣንባቸው ሁለት ፎር ዊሎች ዳር ላይ ቆመዋል። ማን ይጠራናል፣ ማንንስ እንጠይቃለን፣ የምናውቀው ነገር አልነበረም።

እንግሊዝ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው፣ እዚያ በረዶ መንገድ ሲዘጋ ነርስና ሐኪም እየጫኑ ሆስፒታል የሚያደርሱ ባለ ፎር ዊል በጎ ፈቃደኞች እንዳሉ ነገረኝ። በራሳቸው መኪና፣ ያለ ክፍያ። እኛ ጋ በረዶ የለም፣ ጭቃና ጎርፍ ግን አለን። እንዲህ ያለ ነገር ሀዋሳ ላይ መጀመር ይቻላል ወይ? ነዳጁስ? አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው? ውጭ አገር ሲሠራ ያያችሁ፣ ገጠር ጤና ጣቢያ የምትሠሩ፣ መንገዱን የምታውቁ ሹፌሮች እባካችሁ ጻፉልኝ።

---

በረዶ አገር

ወንድሜ፣ የአክስትህ ልጅ ልክ ነው። እኔም ሰሜን እንግሊዝ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው፣ የሀዋሳ ልጅ ነኝ።

የሰዎቹ መጠሪያ ፎር ባይ ፎር ሪስፖንስ ይባላል። በየአካባቢው የራሱ ቡድን አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 የካቲት መጨረሻና መጋቢት መጀመሪያ ላይ ከምሥራቅ የመጣ ብርድና በረዶ አገሩን አስሮት ነበር፣ ጋዜጦቹ "የምሥራቁ አውሬ" ሲሉት ነበር። ያኔ ሆስፒታሎች ራሳቸው ፎር ዊል ያላችሁ ድረሱልን እያሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ይለምኑ ነበር። ሌሊቱን የሠራ ነርስ የሚተካው ሰው ካልመጣ መውጣት አይችልም፤ የመጣውም ቤቱ መመለስ አለበት። ከነርስ ሌላ መድኃኒት ያደርሳሉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ሽማግሌ የሚረዱ ሠራተኞችን ያጓጉዛሉ። ጎርፍ ሲመጣም ይወጣሉ።

እኔን አንድ ማለዳ ከቤቴ ያነሳኝ ጡረተኛ ሰውዬ ነበር። የመኪናው ኋላ አካፋ፣ ብርድ ልብስ፣ የሚጎተትበት ገመድና ፔርሙዝ ተደርድሮበታል። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሷል። ገና ሳይነሳ ስልክ ደወለና "ተሳፋሪዋን ይዣለሁ፣ ወደ ሆስፒታሉ ልነሳ ነው" አለ። ሲያደርሰኝም እንደገና ደወለ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ማንም በራሱ ፈቃድ መኪና አስነስቶ መንገድ አይወጣም። ሆስፒታሉ ወይም የአካባቢው አስተዳደር አስተባባሪውን ይጠራል፣ አስተባባሪው ደግሞ ለሾፌሩ ይደውላል። ሾፌሮቹም አስቀድመው ተመዝግበው፣ ማንነታቸው ተጣርቶ፣ ሥልጠና ወስደው ነው የሚጠብቁት። በረዶው ከመጣ በኋላ መደራጀት አይቻልም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እዚህ በረዶው መንገዱን ይሸፍነዋል እንጂ ከሥሩ አስፋልት አለ። እኛ ጋ ጭቃ የሚሆነው መንገዱ ራሱ ነው። ስለዚህ አደረጃጀቱን ከእነሱ ውሰዱ፣ አነዳዱን ግን አገሩን ከሚያውቅ ሹፌር ተማሩ።

---

የደጋ አዋላጅ

እኔ ከአለታ ወንዶ ወደ ሐገረ ሰላም በሚወስደው መስመር አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሐሳቡ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ከኛ ጎን ሆናችሁ እንድታዩት ስለምፈልግ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በሙያችን ሦስቱ መዘግየቶች የምንለው አለ። አንዱ ቤት ውስጥ ነው፦ እንሂድ አንሂድ፣ ባል የለም፣ አማት ይጠበቁ እየተባለ ጊዜ ያልፋል። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሰች በኋላ፣ ደም ወይም ባለሙያ ሲጠፋ። የእናንተ መኪና የሚነካው ሁለተኛውን ነው። እሱም ቢሆን በሌሊት፣ በዝናብ፣ ሴትዮዋ ደም እየፈሰሳት "ድረሱ" ተብሎ ከሚኬድ ቀድሞ ቢሠራ ይሻላል።

እንዴት መሰላችሁ? ብዙ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ክፍል አለው። የመውለጃዋ ጊዜ የተቃረበ፣ ቤቷ ሩቅ የሆነ ሴት ምጥ ሳይጀምራት መጥታ እዚያ ትቆያለች። ክፍሉ ባዶውን የሚያድርበት ጊዜ አለ፤ የዘጠኝ ወር እርጉዝ ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ መምጣት ስለማትችል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቀበሌው ውስጥ ማን መቼ እንደምትወልድ በመዝገብ ይዛለች። መኪና ያላችሁ ሰዎች መንገዱ በደረቀ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እነዚህን ሴቶች ብታመጡልን ከሌሊቱ ሩጫ ግማሹ ይቀራል። ፎቶ ላይ ጀግና አያስመስልም ይሆናል፤ ለኛ ግን ትልቁ እሱ ነው።

ሌላው መድኃኒት ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም የምናቆምበት ኦክሲቶሲንም እንዲሁ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መንገድ ተዘግቶ የበረዶ ሳጥኑ ግማሽ መንገድ ላይ ካደረ ይበላሻል። ይህን ማድረስም ሰው ማዳን ነው።

አደራ የምላችሁ ደግሞ አለ። ምጥ ላይ ያለች ወይም ደም የሚፈሳትን ሴት ያለ ጤና ባለሙያ ጭናችሁ አትንቀሳቀሱ። ባለሙያ አብሮ ይሳፈር። የምትሄዱበት ሆስፒታል፣ አዳሬም ሆነ ሪፈራል፣ ሳትነሱ ይደወልለት። መኪና ውስጥ በግራ ጎኗ ትተኛ፤ በጀርባዋ ከተኛች ማኅፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። የኋላ ወንበሩን አጥፋችሁ ፍራሽ አንጥፉ። የቤተሰቧ ሰው ሁሉ ልሳፈር ቢል አንድ ሰው ይበቃል፣ በትህትና እምቢ በሉ።

---

የድሮ ሹፌር

ልጆች፣ ሲዳማን፣ ጉጂን፣ ባሌን በሥራ መኪና ስዞር ነው ዕድሜዬ ያለቀው። የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ፎር ዊል ማለት አራቱም ጎማ ይጎትታል ማለት ነው። ለመነሳትና ለመውጣት ይረዳል። ለመቆም ግን አንዲት ነገር አይጨምርም። ጭቃ ላይ ፍሬን ስትይዝ ሃይሉክሱም ቪትዙም እኩል ነው የሚንሸራተቱት፣ እንዲያውም ከባዱ ይብሳል። ብዙ ጎበዝ ገደል የገባው ዳገቱን ወጥቶ፣ ልቡ ሞልቶ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ስትወርድ ሎው (የጉልበት ማርሹን) አስገባ፣ አንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን አትርገጥ፣ ሞተሩ ይያዝልህ።

ጎማ ከመኪናው ስም ይበልጣል። የአስፋልት ጎማ ያሰረ ቪ8 ቀይ አፈር ላይ ጥርሱ በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ይሆናል። ጥርሱ ሰፊ፣ ጭቃውን የሚተፋ ጎማ ያስፈልጋል። ጭቃው ሲበረታ የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. አካባቢ ቀንሱት። ጎማው ተኝቶ መሬቱን በሰፊው ይይዛል። አስፋልት ስትደርሱ ግን ሳትነፉ እንዳትፈጥኑ፣ ይጋላል፣ ይፈነዳል። ስለዚህ ትንሽ መንፊያ መኪናው ውስጥ ይኑር።

ወንዝ ከሞላ አትግቡ። ጉልበት የማይደርስ ውሃ፣ 30 ሴንቲሜትር የሚሆን፣ ፈጥኖ የሚወርድ ከሆነ ትንሽ መኪና ያነሳል። 60 ከደረሰ ላንድክሩዘሩንም ይወስደዋል። ታማሚው ከወንዙ ማዶ ከሆነ እዚያ ያለው ሰው በቃሬዛ እስከ ወንዙ ያምጣው፣ በእግር መሸጋገሪያ ድልድዩ ያሻግረው፣ እናንተ ከዚህ ተቀበሉ።

ስትጎትቱ ገመዱ የሚታሰረው በሻሲው መጎተቻ ላይ ነው። ከኋላ ያለችው የተጎታች ማያያዣ ኳስ ላይ አትሰሩ፤ ተነቅላ እንደ ጥይት ትሄዳለች። ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። ልጆች ለማየት ይሰበሰባሉ፣ አንድ ሰው እነሱን ብቻ ይጠብቅ።

ናዳ ያለበት ቦታ ደግሞ በጎ ፈቃድ ብቻውን አያዋጣም። በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ የሆነውን አንርሳ። አፈር የተጫናቸውን ለማውጣት የሮጠው ሕዝብ ሲቆፍር ነው ሁለተኛው ናዳ የመጣበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ተዳፋት ከተሰነጠቀ፣ ዛፍ ካጋደለ፣ መኪናችሁን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና የሚመለከተውን ጠብቁ። መራራ ነው፣ ግን እንዲህ ነው።

መንገዱንም አስቡለት። ዝናብ ባቆመ ሰዓት አምስት መኪና ተከታትሎ ከገባ ጎማው ቦይ ይቆፍራል፣ ማታ ጎርፉ በዚያ ይሄዳል፣ በሳምንቱ ፈረስም አያልፍበትም። ፀሐይ ትንሽ ታድርቀው፣ ካልቸኮለ አንድ መኪና ብቻ ይግባ።

---

ሞኖፖል አካባቢ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የሚያሳስበኝ ብሩ ነው፣ በግልጽ እንነጋገር። እንዲህ ያለ ነገር በሞቅታ ይጀመራል። የመጀመሪያው ወር ሁሉም "አለሁ" ይላል። ከዚያ ነዳጅ ሰልፍ ይሆናል፣ የአንዱ አሞርዛተር ይሄዳል፣ የሌላው ሥራ ይበዛል፣ ቡድኑ ስልክ ላይ ብቻ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን እንደ እድር ቢደራጅ ይሻላል ባይ ነኝ። መኪና የሌለው በየወሩ የአቅሙን ለነዳጅ ያዋጣ። ጋራዥ ያለው በጉልበቱ ይርዳ። ዳኛና ገንዘብ ያዥ ይኑር፣ ደረሰኝ ይቀመጥ።

ከታማሚ ቤተሰብ ግን አምስት ሳንቲም መቀበል የለም። ለነዳጅ እንኳ። አንዴ ከተጀመረ ድሃው መጥራት ይፈራል፣ ደግሞም የግል መኪና በክፍያ ሰው ከጫነ ጣጣው ብዙ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ሁላችንም አለን፤ የጫናችሁት ሰው ጉዳት ቢደርስበት ግን ምን ድረስ እንደሚሸፍን ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። መድን ድርጅታችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፣ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። በቃል "ችግር የለም" ያለህ ሰው አደጋ ሲደርስ አይገኝም።

---

ጥቁር ውሃ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ አዋላጅ፣ አንቺ የጻፍሽው ሐሳቤን ገልብጦታል። እኔ ስለ ሌሊት ጥሪ ብቻ ነበር የማስበው። አሁን የሚታየኝ ሰፊ ነገር ሳይሆን አንድ መንገድና አንድ ጤና ጣቢያ መርጠን መጀመር ነው። መጀመሪያ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ቀይ መስቀል ሄደን እናናግራለን፣ አምቡላንስ የሚያሰማሩት እነሱ ስለሆኑ እኛ የምንጠራው በነሱ በኩል ይሁን። ስልኩን የሚይዝ አንድ አስተባባሪ ይኖራል። የማቆያ ክፍሉን ዝርዝር ከጤና ኤክስቴንሽኗ ተቀብለን በደረቅ ቀን ማመላለሱን እናስቀድማለን። የሌሊቱ ጥሪ ከጋሼ ጋር ጭቃ ላይ ልምምድ ካደረግን በኋላ ይሁን።

ጋሼ፣ ለዚያ ልምምድ አንድ ቅዳሜ ይሰጡናል? ቦታውን እርስዎ ይምረጡ።

---

የድሮ ሹፌር

እሺ ልጄ፣ እመጣለሁ። ዝናብ የጣለ ማግስት ይሁን፣ በደረቅ መሬት አላስተምርም። ሁሉም የራሱን ክሪክና አካፋ ይዞ ይምጣ። ለክሪኩ ሥር ሰፊ ጣውላ አትርሱ፣ አለዚያ ጭቃው ይውጠዋል።

---

አላሙራ

እኔ ያለችኝ አሮጌ ሱዙኪ ቪታራ ናት፣ ትልቅ መኪና የለኝም። ትሆናለች ወይስ ለነዳጅ ላዋጣ?

---

የድሮ ሹፌር

አሮጌዋ፣ ሎው ማርሽ ያላት ከሆነች በደንብ ትሆናለች። ቀላል መኪና ጭቃ ላይ ከከባዱ ያነሰ ይሰምጣል። በሽተኛ ለማስተኛት ጠባብ ናት፣ ለመድኃኒትና ለነርስ ግን ተስማሚ ናት። የጎማውን ጥርስ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።