የበረራ ሰዓት ሲቀየር፦ የጋራ ሐሳባችንን እንጨርሰው

ጸሐፊው፦ ጤና ይስጥልኝ አባላት። ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የምናስገባው ረቂቅ ይኸው። የሰዓት ለውጥ ቀደም ብሎ ይነገር። ተሳፋሪው ገንዘቡን ከመቀበልና ሌላ በረራ ከመያዝ ይምረጥ። በለውጡ ምክንያት ከመንገድ ለሚያድር ሰው ማደሪያና ምግብ ይሰጠው። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

የጀልባ ባለቤት፦ ካሳ ይቅደም እላለሁ። ስምንት እንግዶች ጠዋት ይገባሉ ተብዬ ነዳጅ ሞልቼ ወደቡ ላይ ቆምኩ። በረራው ወደ ከሰዓት ዞረ። ከሰዓት ጣና ይነሣል፣ ማዕበሉን ታውቁታላችሁ። ዘጌ ደርሰን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሳናይ ሊመሽብን ነው። ጉዞው ቀረ። ነዳጁንና የረዳቴን የቀን አበል ማን ይክፈለኝ?

ጸሐፊው፦ ጋሼ፣ ጉዳትዎ እውነት ነው። ግን ውሉ የተሳፋሪውና የአየር መንገዱ ነው። የጀልባ ነዳጅ እዚህ ከገባ ወረቀቱ ይዳከምብናል። ከእንግዳ ቀብድ የምንቀበልበትን ደንብ ለብቻው እናንሣው።

መምህርቷ፦ እኔ ከካሳ በፊት የምለው አለኝ። እናቴ አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። በረራዋ ከቀኑ 9፡30 ነበር። ዋዜማውን ማታ በእንግሊዝኛ መልእክት ገባላት፤ ከጽሑፉ ያነበበችው «07:40» የምትለዋን ብቻ ነው። ሰባት ሰዓት ከአርባ አለች፣ በእኛ ሰዓት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትኬቷን በመሐረብ ቋጥራ 5፡30 ላይ ከአየር ማረፊያው ደረስን። አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 1፡40 ሄዷል። «አልመጣችሁም» ተብለን ቅጣት ክፈሉ አሉን። ቀጠሮዋም አለፈ። እባካችሁ፣ መልእክቱ በአማርኛ ይሁን፣ ሰዓቱም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ምንም ወጪ የለውም!

የሕግ ባለሙያው፦ እህቴ፣ ይህ ነጥብ አንደኛ ይሁን። መሠረትም አለው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል።

ለዓለም አቀፍ ጉዞ አገራችን የተቀበለችው የሞንትሪያል ስምምነት አለ፣ የ1999 እ.ኤ.አ.። በመዘግየት ለደረሰ ጉዳት አጓጓዡ ይጠየቃል፤ ጉዳቱን ለማስቀረት የሚገባውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ይድናል። ከፍራንክፈርት በአንድ ትኬት ተነሥቶ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ባሕር ዳር የሚገባ ሰው እስከዚህ ድረስ ይሸፈናል። ክሱም በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ብቻ የሚበር ግን በስምምነቱ አይሸፈንም። የእኛ ክፍተት ይህ ነው።

ደግሞ ስምምነቱ ስለ መዘግየት እንጂ ቀድሞ ስለሚነሣ በረራ አይናገርም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ1 ሰዓት በላይ ቀድሞ እንዲነሣ የተደረገ በረራ እንደተሰረዘ ይቆጠራል ብሏል። እዚያ ለውጡ ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ ከተነገረ ካሳ አይከፈልም። ከዚህ ብንነሣ ይሻላል።

የሆቴል ሥራ አስኪያጇ፦ ክረምት ላይ ጭጋግ ቢዘጋውስ? አብራሪው በግድ ይረፍ አንበል።

የሕግ ባለሙያው፦ ልክ ነሽ። ለአየር ጠባይ ካሳ አንጠይቅም። ገንዘብ መመለሱና ማደሪያው ግን ይቆያል፤ ተሳፋሪው አላጠፋማ።

ጸሐፊው፦ እንግዲህ የተስተካከለው እንዲህ ይነበባል፦ «ማናቸውም የሰዓት ለውጥ በአማርኛ ወይም ተሳፋሪው በመረጠው ቋንቋ፣ በሁለቱም የሰዓት አቆጣጠር ይነገር። በረራው ከ1 ሰዓት በላይ ከቀደመ ተሳፋሪው ያለ ቅጣት ገንዘቡን ወይም ሌላ በረራ ይምረጥ። መልእክቱ ለተሳፋሪው መድረሱ ሳይረጋገጥ ‹አልመጣም› ተብሎ አይቀጣ።» የማደሪያው አንቀጽ እንዳለ ነው። ትኬትና መልእክት ያላችሁ እስከ ዓርብ ላኩልኝ፣ አባሪ እናደርገዋለን። ስማችሁንና ስልካችሁን ሸፍኑት።

የጀልባ ባለቤት፦ እሺ፣ የእኔ ይቆይ። የእናትየዋ ይቅደም።

መምህርቷ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። መልእክቱን አልደመሰሰችውም፣ ዛሬ ማታ ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ። 07:40ን በቀይ አከብበታለሁ።