የኦርቶፔዲ ቴክኒክ አውስቢልዱንግ (እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና)፦ ጀርመን ውስጥ የተማረ አለ?

አቤል (ኑርንበርግ)፦ ሰላም ቤተሰብ። የጀርመንኛ ቋንቋ ደረጃ ቢ1 ይዣለሁ፣ አገር ቤት ብየዳ ሠርቻለሁ። ሰው ሠራሽ እግርና እጅ የሚሠሩበትን ሙያ መማር አማረኝ። ዩኒቨርሲቲ ይጠይቃል? ሥራውስ ምን ይመስላል?

ሰኒ፦ ዩኒቨርሲቲ አይጠይቅም። አውስቢልዱንጉ 3 ዓመት ነው። ውል የምትፈርመው ከድርጅት ጋር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከሳኒቴትስሃውስ፣ የአካል ድጋፍ መሣሪያ ከሚያቀርብ ቤት። ትምህርት ቤቱ ጎን ለጎን ይሄዳል። ክፍያው ግን እንዳያስደነግጥህ። በ2025 ለጀመረ ሰው በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛው የመጀመሪያ ዓመት ክፍያ በወር 682 ዩሮ ነበር፣ ያውም ግብርና መዋጮ ሳይቀነስለት። የሚሻል የሚከፍልም አለ። ቤአቤ የሚባለው ድጎማ ይገባህ እንደሆነ አርበይትስአገንቱር (የመንግሥት የሥራ ቢሮ) ሄደህ ጠይቅ። የመኖሪያ ፈቃድህ ዓይነት ይወስነዋል።

ጋሽ ታዴ፦ ልጄ፣ እኔ እዚሁ ሙያ ላይ ነኝ። ብየዳው እጅህን አፍታቶልሃል፣ ጥሩ ነው። ዋናው ልፋት ግን ሶኬቱ ላይ ነው፣ የቀረው እግር የሚገባበት ክፍል። መጀመሪያ ትለካለህ። በጄሶ ትጠቀልላለህ፣ አንዳንዱ ቤት አሁን በስካነር ያነሳዋል። ከዚያ የጄሶውን ሞዴል በሞረድ ታስተካክላለህ። የት ጫና መቀበል እንደሚችል፣ የት አጥንት እንደሚነካ ማወቅ አለብህ። በላዩ ላይ ፕላስቲክ አግለህ ትስባለህ፣ ወይ የካርቦን ጨርቅ በሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ በሚደርቅ ማጣበቂያ) ትደራርባለህ። ትንሽ ከሳትክ ቆዳው ይላጣል፣ ሰውየውም እግሩን አልጋ ሥር ወርውሮ በክራንች ይሄዳል። ስለዚህ ሰውየውን በሠራኸው እግር አስረግጠህ ታያለህ፣ ታስተካክላለህ፣ እንደገና ታያለህ።

ሌላው ሰው መቻል ነው። ደንበኛህ በብዛት አዛውንት ነው፣ የደም ሥር በሽታና ስኳር ያስቆረጠው። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይሳደባል፣ ያውም በሰፈሩ ጀርመንኛ። ቢ2 ሳትይዝ ባትጀምር እመክርሃለሁ።

ማክዳ፦ እኔ በቢ1 ገብቼ ተወጥቼዋለሁ ጋሼ፣ የአናቶሚው ቃላት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አቤል፣ ስታመለክት ከኦርቶፔዲ ጫማ ሠሪ ጋር እንዳታምታታው። እሱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ 3 ዓመት ተኩል ይፈጃል።

አቤል፦ ጋሽ ታዴ እግዜር ይስጥልኝ። በቀጥታ ላመልክት ወይስ መጀመሪያ ድርጅቶቹን ልያቸው?

ጋሽ ታዴ፦ ፕራክቲኩም፣ አጭር የሥራ ልምምድ፣ ጠይቅ። አንድ ሁለት ሳምንት ብትሆን እነሱም እጅህን ያያሉ፣ አንተም የጄሶ አቧራውንና የሬዚኑን ሽታ ትችለው እንደሆነ ታውቃለህ። በኢሜይል ብቻ አትጠብቅ፣ ሲቪህን ይዘህ በአካል ሂድ።