የኦሪትን ታሪክ ለትንንሽ ልጆች እንዴት ነው የምትነግሩት?

የአሽዶዷ እናት፦ ሻሎም በእስራኤል ለምትኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ሁሉ። የ5 እና የ3 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ትልቁ በጋን (በመዋዕለ ሕፃናት) የሰማውን ታሪክ ማታ ማታ እንደገና እንድነግረው ይፈልጋል። በዚህ ሳምንት ኖኅ ነው። "ሕፃናቱንም ውኃ ወሰዳቸው?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። ሌላም አለ። ጋን ውስጥ አብርሃም የአባቱን ጣዖታት ሰባበረ ብለው አስተማሩት። እናቴ ደግሞ "የለም፣ ቤቱን ነው ያቃጠለው" ትለዋለች። ልጁ ማንን ይመን? ደግሞስ በአማርኛ ልንገረው ወይስ በዕብራይስጥ?

ጋኔኔት (የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት) ከረሆቦት፦ እህቴ፣ የጠየቀውን ብቻ በአጭሩ መልሺለት። "ማንም አልሞተም" ብለሽ ግን አትሸፍኚው። ነገ ሌላ ሲሰማ አንቺን ማመን ይተዋል። እኔ "አዎ፣ በጣም ያሳዝናል። ከዚያ በኋላ ግን እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ጎርፍ ሁለተኛ አላመጣም ብሎ ቃል ገባ፤ ቀስተ ደመናውንም ምልክት አደረገ" እላቸዋለሁ።

ጎርፉን በሁለት ዓረፍተ ነገር እለፊው። ርግቧ ላይ ቆዪ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 ላይ እግሯን የምታሳርፍበት አጥታ ስትመለስ፣ ኖኅ እጁን ዘርግቶ ወደ መርከቡ ያስገባታል። ልጆቹም እጃቸውን ይዘርጉ። አንዱ ኖኅ፣ አንዱ ርግብ ይሁን። ከ7 ቀን በኋላ ስትላክ የወይራ ቅጠል ይዛ ትመጣለች። እዚህ አገር ወይራ ሞልቷልና እውነተኛውን ቅጠል አስይዣቸው። ትንሹም በዚህ በኩል ይገባዋል።

የቄስ የልጅ ልጅ፦ እናትሽ የሚሉት ከመጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ምዕራፍ 12 ላይ አብርሃም ሌሊት ተነስቶ የጣዖቱን ቤት ያቃጥላል። መሰባበሩ ደግሞ የረቢዎች ሚድራሽ (የኦሪት ማብራሪያ ትረካ) ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ውስጥ ሁለቱም የሉም። እንዲህ በይው፦ "ይህንን አያትህ ከአባቶቿ ሰማችው። ያንን ጋኔኔትህ ከረቢዎች ተማረችው። ሁለቱም አብርሃም ጣዖትን እንደተወ ይነግሩናል።"

ለልጅ ግን የኩፋሌ ምዕራፍ 11 ይበልጣል። አብርሃም የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ቁራዎች የተዘራውን ሊለቅሙ ይመጣሉ። እሱ እየሮጠ "ወደ መጣችሁበት ተመለሱ!" ይላቸዋል። በአንድ ቀን 70 ጊዜ መለሳቸው። እኛ ቤት ስንዴ በትነን አንዱ አብርሃም፣ ሌሎቹ ቁራ ይሆናሉ። ጩኸቱን ቻይው እንጂ ታሪኩን አይረሱትም።

አባት ከናታንያ፦ ይቅርታ፣ እኔ ኩፋሌን አሁን አልጨምርም። ታናክ (የአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስ) ውስጥ የለም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ "ይህ የት ተጻፈ?" ቢሉት ያፍራል። መጀመሪያ ኦሪቱ ይጽና።

የቄስ የልጅ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። የሚያፍረው ግን ከየት እንደመጣ ያልተነገረው ልጅ ነው። "ከኩፋሌ ነው፣ አያቴ ነገረችኝ" ማለት የቻለ ምን ያሳፍረዋል? ቄሶቻችን በግዕዝ እያነበቡ በቋንቋችን እየተረጎሙ ያቆዩልንን በእኛ ዘመን እንዲጠፋ አልፈልግም።

እማማ ከቅርያት መላኪ፦ ልጄ፣ በአማርኛ ይሁን። ዕብራይስጡን ጋን ይሰጠዋል። እናትሽ ይንገሩት፣ አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ ያልገባውን ቃል ብቻ አቀብይው። እሳቸው ሙሴ የሚሉት ያው ሞሼ መሆኑን ቀድመሽ ንገሪው። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ እኔ ከግብፅ መውጣቱን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከመጣንበት መንገድ ጋር ነው የምነግራቸው። ሌሊት ሌሊት መጓዛችንን፣ ውኃ ተካፍለን መጠጣታችንን። መንገድ ላይ የቀሩብንን ሲያድጉ ይሰማሉ፣ አሁን ይከብዳቸዋል።

የአሽዶዷ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከ2 ሳምንት በኋላ ግን ፓራሻት ቫዬራ (ቫዬራ የተባለው የሳምንቱ የኦሪት ንባብ) ይመጣል። አብርሃም ሊሠዋው ሲል የይስሐቅን መታሰርስ እንዴት ልንገረው?

ጋኔኔት ከረሆቦት፦ ለትልቁ ከመጨረሻው ጀምሪለት። "ይስሐቅ ደህና ነው፤ አድጎ አገባ፣ ያዕቆብንና ዔሳውን ወለደ።" ከዚያ በኋላ በአጭሩ ንገሪው፣ ቢላውን አታሳዪ፣ በትወናም አታሠሪው። ለ3 ዓመቱ ልጅ ጭራሽ አታንሺው። እዚያው ፓራሻ ውስጥ ሦስቱ እንግዶች አሉ። አብርሃም በቀትር ሙቀት ከድንኳኑ ደጃፍ ሮጦ ይቀበላቸዋል፣ እግራቸውን እንዲታጠቡ ውኃ ያስመጣላቸዋል። ሣራ እንጎቻ ትጋግራለች። አርብ ቀን አብራችሁ እንጎቻ ጋግሩ፤ እናትሽ ሲመጡ ትንሹ በሩን ይክፈትና ውኃ ያቅርብላቸው።